የአዳሾቻችን ትሕትና

በከተማችን አሮጌ ነገር በሰላም ማርጀት ከተከለከለ ሰንብቷል። የአያት ፎቶግራፍ ከተገኘ በኮምፒውተር ጥርስ ይተከልለታል፤ ያረጀ የእንጨት በር ከተገኘ ቫርኒሽ ይጠጣል። ባለፈው ሳምንት ተራው የኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ መጽሔት ሆነና ባሕር ዳር ላሉ አዳሾች ሁሉ በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

መጽሔቱ የአሜሪካ ነው። ሻጩ እንደሚለው በንጉሡ ዘመን እዚህ ያስተምር የነበረ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ) ትቶት ሄዷል። ሊሆን ይችላል፤ የሰላም ጓዶች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ ኮሚክ ሽፋን ላይ 12 ሳንቲም የሚል ዋጋ ይታተም ነበር። እኔ ግን ዋጋውን አላየሁትም። ጠርዙ ተበልቶ ስለነበር አዳሹ ጎኖቹን በምላጭ ሲያስተካክል አብሮ ቆርጦ ጥሎታል። 12 ሳንቲም የሚል ዕቃ በ4 ሺህ ብር መሸጥ እንደሚያሳፍር የገባው ሰው ነው።

በዚያ ዘመን ኮሚክ ይታተምበት የነበረው ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነበር። በውስጡ ያለው አሲድ ከዓመት ዓመት ያጠወልገዋል፣ ያሰባብረዋል፤ የሐይቁ እርጥበት ደግሞ የመስፊያ ሽቦውን ያዝገዋል። ተፈጥሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት የለፋችበትን ጥፋት አዳሻችን በአንድ ከሰዓት በኋላ በለጣት። የዛገውን ሽቦ ነቅሎ በቢሮ ስቴፕለር መታው። ቅዳዱን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለጠፈው። የጀግናው ካባ ደብዝዞ ስለነበር በቀይ እስክሪብቶ አደመቀው፤ አሁን መምህር ያረመው የወደቀ ፈተና ይመስላል።

የሥራው ቁንጮ ግን የወንበዴው ፊት ነው። ፊቱን ብል በልቶታል። አዳሹ ከደብተር ቁራጭ ለጠፈበትና አዲስ ፊት ሣለለት፤ ሰማያዊዎቹ መስመሮች ግንባሩን አቋርጠው ያልፋሉ። ፊቱ ወደ እኛ የዞረ ነው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖችም አሉት። ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኘ ሁሉ አስጎብኚው የሚነግረውን ያውቃል፤ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ ባንክ ዘራፊያችን ከ8ኛው ገጽ ጀምሮ ጸድቋል። በ9ኛው ገጽ ገንዘቡን ተሸክሞ እየሮጠ በርኅራኄ ያየናል። ጀግናው ደግሞ እየበረረ ስለሆነ በጎኑ ነው የተሣለው፤ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። በ11ኛው ገጽ ባለአንድ ዓይኑ ባለሁለት ዓይኑን በቡጢ ይመታዋል፤ ርኩስ መንፈስ ሰማዕትን ሲያሠቃይ ማለት ነው። በ12ኛው ፖሊስ ይደርሳል፤ እርሱም በጎኑ። በ14ኛው ጻድቁ እጆቹ በሰንሰለት ታስረው ይወሰዳል፤ ከራሱ በላይ ቢጫ ክብ አለ። የመንገድ መብራት ይሁን አክሊለ ብርሃን መለየት አልቻልኩም። የሌባና ፖሊስ ታሪክ ገብቶ ገድል ሆኖ ወጣ!

በመጨረሻም እያንዳንዱ ገጽ ላሚኔሽን ተደርጓል። ፕላስቲኩ በሙቀት ከቀለሙ ጋር ስለተጣበቀ እስከ ምጽአት የሚያላቅቀው የለም።

በዚህ ረገድ ፈረንጆች ያሳዝናሉ። ሲጂሲ የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ኮሚኩን ገጽ በገጽ ይመረምራል፤ ዋጋ ለማናር የተጨመረ ቀለም፣ የተከረከመ ጠርዝ፣ የተሞላ ወረቀት ያገኘበትን ሐምራዊ መለያ ይለጥፍበታል። ሐምራዊውን ያየ ሰብሳቢ ኪሱን ይቆልፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 በ10 ሳንቲም የተሸጠው የአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 አንድ ቅጂ በእነርሱው አቆጣጠር በ2014 ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው ምንም ስላልተደረገለት ነው። ለምንም! እንጠግን ካሉም በስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ ይለጥፉና፣ ነገ ሌላ ባለሙያ በውኃ አርሶ እንዲያነሣው ያመቻቹለታል፤ የሠሩትንም ይመዘግባሉ። የገዛ ሥራው እንዲፈርስ አመቻችቶ የሚሠራ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው? የእኛ ሰው በሱፐር ግሉ ይለጥፋል። በራሱ ይተማመናል።

ኮሚኩስ ይሁን። ይኸው እጅ ብራና ላይ ሲያርፍስ? ለቱሪስት ይሸጣል ተብሎ አሮጌ ዳዊት ቅጠል በቅጠል ይገነጠላል፤ ጽሑፉ ይፋቃል፤ በላዩ የትናንት መልአክ ይሣልበትና በጢስ ጠቁሮ ጥንታዊ ይባላል። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ ጸሐፊው ወራት ሙሉ አጎንብሶ የጻፈበት ብራና! ይህን እድሳት ብሎ የሚጠራ ሰው ፊቴ እንዳይቆም። ስርቆት ነው፤ መጽሐፉን ገድሎ ሬሳውን መቸርቸር ነው።

የኮሚኩን ሻጭ ግን ማን እንዳደሰው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ኧረ ማንም አልነካው፤ ኦሪጅናል ነው» አለኝ፣ ቀዩ እስክሪብቶ በደረት ኪሱ እንዳለ። እንዲህ ያለ ትሕትና በደሴቶቹ ገዳማት እንኳ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ከጥንት ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን ሳይጽፉ ያለፉ ብዙ ናቸው፤ ሥራቸውን ግን አልካዱም። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ይህን ሰው ባትሸልሙት እንኳ እንዲፈርም አስገድዱት። በመጨረሻው ገጽ ፕላስቲክ ላይ «ካባው በእኔ እስክሪብቶ፣ ሽቦው ከቢሮ፣ የወንበዴው ጽድቅ ከራሴ» ብሎ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ስለ 4 ሺህ ብሩ እንነጋገራለን፤ የላሚኔሽኑን ወጪ ሳልከራከር እከፍላለሁ።