አንድ ሎሚ፣ ሁለት ፌስታል

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ ባለቤቴ ደወለች። «ሎሚ ይዘህ ና» አለችኝ። አንድ ሎሚ፣ ለሰላጣ። (ስለ ሎሚ ዋጋ ዛሬ አላወራም። እሱ ራሱን የቻለ ለቅሶ ነው።) ሰፈራችን መግቢያ ላይ ካለችው ጉልት ቆምኩ፣ አንዷን መረጥኩ፣ ከፈልኩ። እጄን ስዘረጋ ሎሚዋ የለችም፤ ፌስታል ውስጥ ገብታለች። «ኧረ ተዪው እናቴ፣ ኪሴ ውስጥ እይዛታለሁ» አልኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ቅር አላት። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ፌስታሏን ቋጠረችና ሌላ ፌስታል ውስጥ ከተተቻት። «ይቺ ስስ ናት፣ ትቀደድብሃለች» አለችኝ።

ሎሚ እኮ ነው! ልጣጭ ይዞ የተፈጠረ ፍሬ!

መጀመሪያ ተናደድኩ። እናንተም ብትሆኑ ትናደዱ ነበር። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት። ሴትየዋ እኔን ነው ያከበረችው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም፤ ደንበኛ ደግሞ ያለ ፌስታል አይሸኝም። ሎሚ በባዶ እጁ ጨብጦ የሚሄድ ጎልማሳ ምን ይባላል? ወይ ምስኪን፣ ወይ ሌባ።

የገመናም ጉዳይ አለ። ጥቁር ፌስታል ባይኖር ኖሮ ሩብ ኪሎ ሥጋ መግዛታችንን ጎረቤት በሙሉ ያውቅብን ነበር። ጥቁር ፌስታል የከተማ ሰው ጋቢ ነው። ስንት ጉድ ሸፍኖልናል! እርግጥ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ወይ ሥጋ፣ ወይ ጫት፣ ወይ ጠርሙስ መያዙን ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም አላየሁም እንባባላለን።

ለፌስታል የሚገባውን ክብር በመስጠት ግን ባለ ጨርቅ ቦርሳዎቹን የሚያክል የለም። እናንተም ሰፈር አይጠፉም። የኛዋ እመቤት «ምድራችንን እንውደድ» የሚል የጨርቅ ቦርሳ አላቸው። ቦርሳውን ያገኙት ስለ አካባቢ ጥበቃ ከተደረገ ስብሰባ ነው። እሱ እንኳ የታወቀ ነው። ሆቴል አዳራሽ፣ በየሰው ፊት ሁለት ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ፣ አንዱ ሁለቴ ተጎንጭቶለት የተተወ፣ ሌላው ደግሞ ለቤት የተያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት አትክልት ተራችን ላይ ከኋላቸው ተሰልፌ ፌስታሎቻቸውን ቆጠርኩ። ሥራ ፈት አትበሉኝ። ጥናት ላይ ነኝ።

ሽንኩርት ሁለት ኪሎ፣ አንድ ፌስታል። ቲማቲም አንድ ኪሎ። ልጁ «ከሽንኩርቱ ጋር ላድርገው?» አለ። «ኧረ በስመአብ!» አሉ። ሽንኩርትና ቲማቲም ደም የተቃቡ ይመስላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ድስት ውስጥ እንደሚገናኙ እሳቸውም፣ ልጁም፣ እኔም እናውቃለን። እስከዚያ ድረስ ግን እንደ ድሮ ሙሽሮች መተያየት የለባቸውም። ሁለተኛ ፌስታል። ቀጥሎ ድንች። ድንቹ አፈር አለበት፣ ስለዚህ በድርብ ፌስታል ተደረገ። ሦስት፣ አራት። አፈሩ ቦርሳውን እንዳይነካው ነው። ቦርሳው ላይ የተጻፈውን ነግሬያችኋለሁ።

ቃሪያ ለብቻው፣ አምስት። ነጭ ሽንኩርት ሁለት ራስ ለብቻው፣ ስድስት። ይሸታላ! ዝንጅብል ለብቻው፣ ሰባት። ለምን? ነጭ ሽንኩርቱ ስለሚሸት። ጎመን ሁለት እስር መጣ። ጎመን ግን ባለጌ ነው፤ ፌስታል ውስጥ አልገባ አለ፣ ጫፉ ወጥቶ ቀረ። ልጁ ብልህ ነው። ሌላ ፌስታል አነሳና ከላይ እንደ ኮፍያ ደፋለት። እዚህ ጋ ቆጠራው ጠፋብኝ። ከኋላዬ የቆመው ጎረምሳ «ዘጠኝ» አለኝ። ለካ እሱም እየቆጠረ ኖሯል። በመጨረሻ ልጁ አንድ ዘለላ ጤና አዳም መረቀላቸው። ለምራቂም ፌስታል! አሥር። አሥሩም እንዳይበታተኑ አንድ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ገቡ። አሥራ አንድ። አሥራ አንደኛውም በክብር ጨርቅ ቦርሳው ውስጥ ተቀመጠ። ቦርሳው ከመወጠሩ የተነሳ «ምድራችንን እንውደድ» የሚለው ጽሑፍ ከታክሲ ተራ ሆነው እንኳ ይነበብ ነበር።

ቤታቸው ድረስ አልተከተልኳቸውም። መከተልም አያስፈልግም፤ የኛም ቤት ያው ነው። የጉልት ቋጠሮ አይፈታም፤ በጥርስ ይበጠሳል። ከጥርስ የተረፈው ፌስታል «ይሆናል» ይባልና ተጣጥፎ ከማድቤት በር ጀርባ የተንጠለጠለው ፌስታል ውስጥ ይገባል። ይህ የፌስታሎች ፌስታል በየቤቱ አለ። ቴሌቪዥን የሌለው ቤት አይቻለሁ። ቁም ሣጥን የሌለው ቤት አይቻለሁ። ይሄ የሌለው ቤት ግን አላየሁም። የኛው ሦስት ጊዜ ቤት ስንቀይር አብሮን ተጉዟል። ከታች ያሉትን ፌስታሎች ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ያያቸው ሰው የለም።

እናቴ አንድ ዘንቢል ነበራት። ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ ጎመኑም አንድ ላይ ገብተው ይመጡ ነበር። አንድም ቀን ሲጣሉ አልሰማሁም። አሁን ዘንቢል ሹመት አግኝቶ የባህል ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሥሩ ቆመን ፎቶ እንነሳለን። ስንወጣም የተረፈንን ምግብ በፌስታል ያስይዙናል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና ከውጭ እንዳይገቡ ይላል። 0.03! እስቲ ከእናንተ መሀል ጉልት ሲወርድ ይህን የሚለካ መሣሪያ የሚይዝ ማን ነው? ከዚያ በ2017 ምክር ቤቱ ጠንከር ያለውን አጸደቀ። በፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ስንት ኪሎ ሎሚ እንደሚገዛ እናንተ አስሉት።

የፌስታል ክብር የጨመረው ታዲያ ከዚህ በኋላ ነው። ድሮ ማንም እያነሳ ይሰጠን ነበር። አሁን አንዳንዱ ሻጭ ግራ ቀኝ ያይና ጎንበስ ይላል፤ ከጠረጴዛው ሥር ያወጣል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ላንተ ስለሆነ ነው» ይላል። ስኳር በጠፋ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተከበርኩም። ሰው ሲያከብረኝ ደግሞ እንቢ ማለት አልችልም።

ኪጋሊ ደርሰው የሚመጡትንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሩዋንዳ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላለች። ኤርፖርቱ ላይ ይቀበሏችኋል። የኛም ሰዎች እዚያ ሲደርሱ እንደ በግ ዝም ብለው ያስረክባሉ። ሲመለሱ ስለ መንገዱ ንጽሕና ሁለት ሳምንት ሙሉ ያወራሉ። «አስፋልቱ ላይ ምግብ ብታቀርብ ትበላለህ!» ይህን ሲሉ ሙዝ እየላጡ ነው። ሙዙ በፌስታል ነው፤ ልጣጩም ተመልሶ ፌስታሉ ውስጥ ይገባል። ፌስታሉ የት እንደሚሄድ አትጠይቁ። ክረምት ሲገባ ቱቦው ራሱ ያሳየናል።

ባለፈው ፋሲካ ቅርጫ ገብቼ ነበር። በሬው ሲገዛ ሆዱ ሞላ ያለ ስለነበር ሰብቷል ብለን ተደስተናል። ታርዶ ጨጓራው ሲከፈት ግን ከሳሩ መሀል የልጅ ራስ የሚያህል ድቡልቡል ነገር ወጣ። ጠንካራ ነው። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ፌስታል እርስ በርሱ ተጠቅልሎ። አራጁ አልደነቀውም፤ «የተለመደ ነው» አለ። እኔ ጠጋ ብዬ አየሁት። አንደኛው ፌስታል ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም።

እዚህ ላይ ላሾፍ ነበር። አልሆነልኝም። እንስሳው ፌስታል አይፈጭም። አያመነዥከውም፣ አያወጣውም። ዓመት ሙሉ እዚያው ይከማቻል። የጠገበ እየመሰለው ይራባል፤ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ይከሳል። ፌስታሉን የሚበላው እብድ ስለሆነ አይደለም። የኛ ፍርፋሪ ስላለበት፣ ጨው ጨው ስለሚል ነው። እንጀራውን ከነፌስታሉ ቋጥረን የጣልነው እኛ ነን። ቋጠሮ መፍታት ሰነፈን! አንዲት ቋጠሮ! ይሄን ደግሞ ካለማወቅ ነው የሚል ካለ ይዋሻል። እዚያ ግቢ ውስጥ የተማረም ያልተማረም ነበር። ሁላችንም አየን፣ ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። ከዚያ ያንን ድቡልቡል ልጆች እንዳያዩት ተባለና በፌስታል ተደርጎ ተጣለ። መደብ መደባችንን ስንቀበልም ሥጋውን በፌስታል ነው የያዝነው። የኔ በሁለት ነበር። ደም ያንጠባጥባል ብዬ።

ይቅርታ። ወደ ሙገሳዬ ልመለስ።

ፌስታል ሞቶም ያገለግላል። ከሰል አልያያዝ ሲል እንደ ፌስታል ማን ይደርስልናል? ትንሽ ቁራጭ ከሥር ጣል ማድረግ ነው። ጥቁር ጭሱ ሲወጣ ልጆቹ ያስላሉ። ከዚያ ጀበናው ይጣዳል፤ ሽታው እንዲጠፋም ዕጣን ይጨመራል። «ቡናው እንዴት ነው?» ትባላላችሁ። «እንከን የለውም!» ነው መልሱ።

ወደ ሎሚዋ። ያን ዕለት ማታ ቤት ስገባ ሰላጣው ተከትፎ ሎሚ ብቻ እየጠበቀ ነው። ባለቤቴ «ሎሚው የታለ?» አለችኝ። እጄን አየሁ። ባዶ ነው። ለካ እንደገባሁ በልማዴ የያዝኩትን ፌስታል ከበሩ ጀርባ ካለው ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄዋለሁ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝም ብላ የፌስታሎቹን ፌስታል አወረደችና ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ሁለታችንም ተቀምጠን አንድ በአንድ መዳበስ ጀመርን። አንዱን ስንስበው ሌላ ሦስት ይከተለዋል። ሰላጣው ጠወለገ። ልጆቹ ያለ ሎሚ በልተው ተኙ።

ከታች አካባቢ፣ ድርብ ፌስታል ውስጥ፣ በደንብ የተቋጠረች አንዲት ሎሚ አገኘን። ጠቁራለች። ደርቃ እንደ ጠጠር ትንኳኳለች። የዚያን ዕለቷ አልነበረችም።

ፍለጋውን ቀጠልን።