ጃንጥላ በዝናብ አይገዛም

አዲስ አበቤ ጃንጥላ የሚገዛው ውኃው በኮሌታው ገብቶ ጀርባው ላይ መውረድ ሲጀምር ነው። ክረምት በሰኔ እንደሚገባ የማያውቅ የለም። ሚቲዎሮሎጂ ይናገራል፣ አያቶቻችን ነግረውናል፣ የሰፈራችን ቱቦ ሳይቀር ከግንቦት ጀምሮ እየገነፈለ ያስታውሰናል። የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ግን ሁላችንም ክው እንላለን። "የዘንድሮውስ ጉድ ነው!" እንባባላለን። አምናም ብለናል፤ ካቻምናም።

ይህን አመላችንን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሜክሲኮ አካባቢ የሚውለው አዟሪ ነው። ፀሐይ ሳለ ካልሲና የስልክ ቻርጀር ይሸጣል። ሰማዩ ጠቆር ሲል ካልሲው ይሰወርና፣ ከየት መጣ ሳይባል ክንዱ ሙሉ ጃንጥላ ይሆናል። ዋጋው ከደመናው እኩል ይከብዳል። ሲያካፋ ጠይቀኸው "ትንሽ ዞር ዞር ልበል" ካልክ አለቀልህ፤ ስትመለስ ካፊያው ዶፍ ሆኗል፣ ዋጋውም አብሮት ዶፍ ሆኗል። ልከራከር ብትል ደግሞ እሱ ጃንጥላ ሥር ሆኖ፣ አንተ ፌስታል ደፍተህ ነው የምትከራከረው። እንዲህ ያለ ክርክር ረትቶ የገባ ሰው አላውቅም።

"ኦሪጅናል ነው ወንድሜ! ነፋስ አይበግረውም!" ይልና ቁልፉን ሲጫነው ጃንጥላው ጧ ብሎ ይከፈታል። የሚከፍትልህ ግን የፎቅ በረንዳ ሥር ነው። በረንዳ ሥር የተፈተነ ጃንጥላ መግዛት፣ እግሯ ታስሮ ያየሃትን በቅሎ እንደ መግዛት ነው። ረጋጭ መሆኗን የምታውቀው ገንዘቡን ከቆጠርክ በኋላ ነው።

በጃንጥላ ጉዳይ እኔ የማምነው ሻጭን ሳይሆን ጠጋኝን ነው። እኛ ሰፈር ማዕዘኑ ላይ ጫማ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ከጫማ ይልቅ ጃንጥላ ይበዛባቸዋል።

"አባባ፣ ጥሩ ጃንጥላ የቱ ነው?" አልኳቸው።

"ጨርቁን ተወው ልጄ" አሉኝ፣ መርፌያቸውን ሳያቆሙ። "ጨርቅ ሁሉም ያምራል። ሽቦውን እየው።"

ያስረዱኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ርካሹ ጃንጥላ ሽቦው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ አንዴ ከጎበጠ አይመለስም። እርጥቡን አጥፈህ ቦርሳ ውስጥ ካሳደርከው ደግሞ ዝጎ ይጠብቅሃል። ፋይበር ግላሱ ግን አይዝግም፤ ነፋስ ሲገፋው ይለመጥና ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ይላል። (በመሥሪያ ቤት ዕድሜው የሚረዝም ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ እሱን ግን ለሌላ ቀን።) ጨርቁ ከሽቦው ጫፍ ጋር የተያያዘበትን ክርም መሳብ ነው፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነውና። አንዳንዱ ጨርቁ አናቱ ላይ ድርብ ሆኖ በመሃሉ ክፍተት አለው። ከሥር የገባው ነፋስ በዚያ ሾልኮ ይወጣል፣ ጃንጥላው አይገለበጥም። አዟሪው ይህኛውን ካመጣው "ቀዳዳ ነው" ብለን የምንመልስለት እኛው ነን።

ስለ ታጣፊው ያሉኝ ደግሞ ይህ ነው፦ "ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ነገር ሦስት ቦታ ይሰበራል።"

ታጣፊውን የፈለሰፈው ሃንስ ሃውፕት የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ። በጦርነት ቆስሎ በከዘራ የሚሄድ ሰው ስለነበር፣ ከዘራ በአንድ እጅ፣ ረዥም ጃንጥላ በሌላው መያዝ አስቸገረው ይባላል። የጎጃም ሽማግሌ ይህን ችግር ያለ አንዳች ፈጠራ ፈትቶታል፤ ረዥሙን ጃንጥላ ራሱን ከዘራ አደረገው። ይመረኮዘዋል፣ ውሻ ያባርርበታል፣ ለፀሐይ ይዘረጋዋል፣ ገበያ መሃል ሰው ሲጠራ ይጠቁምበታል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ፣ ጊዜ ከተረፈው፣ ይጠለልበታል።

የብረት ሽቦውን በፈረንጆቹ 1852 ያመጣው ሳሙኤል ፎክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የአውሮፓ ጃንጥላ ሽቦው ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣ ነገር ነበር። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌያቸውን አቆሙ። "ታዲያ ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ሊመጣ ኖሯል?" አሉ።

አሁን ጥሩ ጃንጥላ ገዛህ እንበል። ቀጥሎ ያለው አያያዙ ነው። ዝናባችን ቀጥ ብሎ ቢወርድ ኖሮ ማንኛውም ጃንጥላ ይበቃ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ግን ወጨፎ ነው፤ በጎን ይመጣል፣ ከሥር ይመጣል፣ አንዳንዴም ካለፈህ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ፎቅ በበዛበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። ሰንጋ ተራ ባንኮቹ በተደረደሩበት በኩል በውሽንፍር ያለፈ ያውቀዋል። ከላይ የሚነፍሰው ነፋስ የፎቁን ግድግዳ ሲመታ መሄጃ ያጣና ወደ መሬት ይወርዳል፤ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ፍጥነት ይጨምራል። ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀው እንግዲህ አንተ ነህ። ለባንኩ ገንዘብ ሰጥተህ ትወጣለህ፣ ነፋሱ የቀረህን ሊወስድ ደጅ ይጠብቅሃል።

መፍትሔው ጃንጥላውን ወደ ነፋሱ ዘንበል አድርጎ፣ ዘንጉን ከጨርቁ ቀረብ አድርጎ መያዝ ነው። ይህ በሌላ አገር ይሠራል። እኛ ከተማ ግን ጃንጥላውን ወደ ፊት ስታዘነብል መንገዱ አይታይህም፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱ ላይ ውኃ ተኝቷል፣ ውኃው ሲታይ አስፋልት ይመስላል። ስለዚህ ምርጫው በራስህና በእግርህ መካከል ነው። አብዛኛው ሰው እግሩን መርጦ ራሱን ለዝናብ ሲሰጥ አያለሁ። ብልህ ሕዝብ ነን።

የሚገለበጥ ጃንጥላ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ሌላም ጣጣ አለው። በከተማችን ጃንጥላ ዘቅዝቆ የሚቆም ሰው ሥራው የታወቀ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ይሰበስባል። አንድ ወዳጄ እስጢፋኖስ አጠገብ ነፋስ ጃንጥላውን ገለበጠበትና ሊመልሰው ሲታገል፣ አንዲት እናት አሥር ብር ጣል አድርገው፣ ተሳልመው አለፉ። "እማማ፣ እኔ እኮ..." ብሎ ሲከተላቸው ሌላ ሰው ከኋላው አምስት ብር ጨመረበት። ብሩን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ካለው ሙዳየ ምጽዋት ከትቶ ሲመለስ ጭንቅላቱ በስብሶ ነበር። ጃንጥላው በሕይወት ዘመኑ በትክክል ያገለገለው ያን ቀን ብቻ ነው ይላል።

የጥሩ ጃንጥላ ዋና ጠላት ግን ሰው ነው፤ ነፋስ ቢያንስ ገልብጦ ይተውልሃል።

ታክሲን ውሰዱ። ዝናብ ሲጥል ሰልፉ ይረዝማል፣ ታክሲው ይጠፋል፣ በስልክ የሚጠሩት መኪናም ዋጋው ከፍ ብሎ ይመጣል። ለነገሩ ባለመኪና ዝናብ ሲወድ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1750ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆናስ ሃንዌይ የሚባል ሰው ጃንጥላ ይዞ መንገድ ሲወጣ፣ ከሁሉም በላይ ያላገጡበት ባለሠረገሎቹ ነበሩ። ዝናብ እንጀራቸው ነዋ! ሁሉም ሰው ጃንጥላ ከያዘ ማን ሊሳፈር ነው? የእኛ ወያላ ግን ከዚህም ያልፋል። ያሳፍርሃል፣ ጃንጥላህንም ይወርሳል። እርጥቡን ጭንህ ላይ እንዳታደርገው ሱሪህ፣ ጎንህ እንዳታደርገው ጎረቤትህ ያኮርፋል፤ ስለዚህ ከወንበሩ ሥር ታስገባዋለህ። "ወራጅ አለ" ብለህ ስትወርድ ዝናቡ አባርቷል። የሚያስታውስህ ነገር የለም። መጥፎ ጃንጥላ ከረሳህ ግን ወያላው ራሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ወንድም! ጃንጥላህን!" እያለ እስከሚቀጥለው መብራት ይጠራሃል። እንዲህ ያለውን ታማኝነት ተሰባሪ ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

ከታክሲም የሚብሰው ለቅሶ ቤት ነው። የዕድሩ ድንኳን መግቢያ ላይ ጃንጥላ ይከመራል፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም እርጥብ። ቀድሞ የሚወጣ ሰው ቀድሞ ያነሳል። "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ሰደድ አድርጎ ይወስዳል። ሌባ እንዳትሉት፤ ኀዘን ላይ ያለ ሰው ዓይኑ አያይም፣ ተሳስቶ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ተሳስቶ ከራሱ የባሰ ጃንጥላ ይዞ የሄደ ለቀስተኛ አላየሁም። ስህተቱ ሁሉ ወደ ላይ ነው። ለአምስት ደቂቃ ብቅ ያለው ባለ ፋይበር ግላሱን ይዞ ይሄዳል። ሬሳ ሲወጣ ያለቀሰው፣ ንፍሮ ያዞረው፣ ከቤተ ዘመዱ ጋር ያመሸው ደግሞ ሲወጣ የሚጠብቀው ሁለት ሽቦው የወጣ አጽም ነው። ዕድራችን ለቀረ ሰው ቅጣት አለው፤ ቶሎ ለሄደ ሰው ግን እስካሁን አላሰበበትም። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንስቼው ሊቀመንበሩ "ይህ ከደንቡ ውጪ ነው" አሉኝ። እጃቸው ላይ የነበረው ጃንጥላ በጣም ያምር ነበር።

ጃንጥላ የመጋራት ጉዳይም አለ። ሁለት ሰው በአንድ ጃንጥላ ሲሄድ ዘንጉን ረዥሙ ቢይዝ ለሁለቱም ይበጃል፤ አጭሩ ከያዘው የረዥሙ ዓይን አደጋ ላይ ነው። ይህ ሕግ የሚሻረው ከአለቃ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቁመት አይጠየቅም፤ ጃንጥላው ያንተ ነው፣ የምትይዘው አንተ ነህ፣ የሚደርቀው እሱ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ጠዋት ግራ ትከሻው ብቻ የበሰበሰ ሰው ሲገባ ከማን ጋር እንደመጣ እንግባባለን። በዓመቱ መጨረሻ የዕድገት ማስታወቂያ ሲለጠፍም ስሙን ስናነብ ብዙ አንገረምም። ለፍቅረኞች ደግሞ መለኪያው ሁሉ ይገለበጣል። ስድስት ኪሎ አካባቢ ሁለት ተማሪዎች ለአንድ ሕፃን የማይበቃ ጃንጥላ ውስጥ ተጣብቀው ሲሄዱ "ሰፋ ያለ ለምን አትገዙም?" ብሎ የሚመክር ሰው እንደ እኔ ያረጀ ብቻ ነው።

ነሐሴ 13 ላይ እንግዲህ ተስፋ ይመጣል። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባላል፤ ዝናቡ ግን ይህን አባባል የሰማ አይመስልም። ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል፣ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። የዚያን ቀን ዝናብ ጸበል ነውና፣ ክረምቱን ሙሉ ከካፊያ የሸሸው ሁሉ በፈቃዱ ደጅ ወጥቶ ይበሰብሳል። ልጆቹ "ሩፋኤል አሳድገኝ!" እያሉ ጭቃውን ያቦኩታል። የዚያን ዕለት ጃንጥላ ዘርግቶ ያለፈ ሰው ከየበሩ "ምነው፣ ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ የምትሄደው?" የሚል ዓይን ይከተለዋል። በማግስቱ ሁላችንም ስንስል እናድራለን።

ከዚያ መስከረም ይጠባል። ፀሐይ ትወጣለች፣ አደይ ያብባል፣ ያዋስናቸው ጃንጥላዎችም መመለስ ይጀምራሉ። የእኔን በሐምሌ መጀመሪያ "ለዛሬ ብቻ" ብሎ የወሰደው ጎረቤቴ ለእንቁጣጣሽ ይዞልኝ መጣ። ዘረጋሁት፤ አንድ ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ በክር ታስሯል፣ ሦስተኛው የለም። "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ ቁጭ ብሎ ጠላውን እየተቀበለ። "ግን ወንድሜ፣ ሳልነግርህ ብቀር ቅር ይለኛል። ይሄ ጃንጥላህ ደካማ ነው፣ በጣም አሰቃየኝ። ለከርሞ ጠንከር ያለ ግዛ።"