ስልኩና አጃቢዎቹ

ሐረር ላይ ስልክ ብቻውን ፎቶ ማንሳት ካቆመ ሰነባበተ። እንደ ድሮ ደጃዝማች ያለ አጃቢ ከቤት አይወጣም፤ ስታንዱ ከፊት፣ ክብ መብራቱ ሪንግ ላይት ከጎን፣ ፓወር ባንኩ ከኋላ። ባለቤቱ ከሁሉም ኋላ ገመድ ተሸክሞ ይከተላል።

አጃቢዎቹ የሚመለመሉት በርጫ ላይ ነው። ምርቃናው ሲገባ የማይቀረጽ ነገር የለም። «ጀጎልን ከሸዋ በር ተነስቼ ዙሪያውን ሳላቋርጥ ነው የምቀርጸው» ይላል አንዱ። «ስልኩን የሚያረጋጋ መያዣ፣ ጊምባል ከሌለህ ይንቀጠቀጥብሃል» ይላል አጠገቡ የተጋደመው፤ ቀጥሎም ሦስቱ ሞተሮች አንዱ ቀና ጎንበሱን፣ አንዱ ግራ ቀኙን፣ አንዱ ዘመም ማለቱን እንዴት እንደሚያርሙ፣ ጉንጩን ሳያጎድል ያስረዳል። እሱ ራሱ ጊምባል ነክቶ አያውቅም። ድሮ ማታ ምርቃናው ሲወርድ ሐሳቡም አብሮ ይወርድ ነበር። ዘንድሮ ግን ገንዘቡ በቴሌብር ቀድሞ ይሄዳል።

ገበያው ድሬዳዋ ያለው፣ ታይዋን የሚሉት ነው። ደንገጎን ቁልቁል ወርደህ፣ ሹራብህን አውልቀህ፣ ላብህን ጠርገህ ትደርሳለህ። ባለሱቁ እንደ ድሬ ልማድ ሽበታሙንም ጎረምሳውንም «አንተ» ይላል። ምን ልትቀርጽ እንደሆነ የሚጠይቅ ባለሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚጠይቀው «አቦ፣ ጓደኛህ የቱን ነው የገዛው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጓደኛህ ባለ 10 ኢንች ሪንግ ላይት ካለው ያንተ 14 ይሆናል፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ ለጓደኛህ ባለ 18 መምጣቱ ይነገረዋል። በዚህ አያያዝ ሰፈሩ ሁሉ ፊቱ በርቷል። መነጽር ያደረገ ሰው ሲቀረጽ ግን ዓይኑ ቦታ ላይ ሁለት ነጭ ቀለበት ቁጭ ብሎ ነው የሚታየው።

ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን የዋህነት ነው። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተባለው፣ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ፣ ስልኩ ጋ የሚያደርሰው 13,000 ገደማ ነው። የውስጡ ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ ወደ 5 ቮልት ሲያድግ መጠኑ ያንሳል፤ ከዚያም ላይ በሙቀት የሚባክን አለ። ይህን ለባለሱቁ ብትነግረው አይደነግጥም። «ቀሪው 7,000 ለድሬ ፀሐይ ግብር ነው» ይልሃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ የሚገዛው ማይክ ነው። ሰው የደበዘዘ ምስል ችሎ ያያል፤ የማይሰማ ወሬ ግን አይታገስም፣ በተለይ ሐረር ላይ። ማይክ የሌለው ልጅ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ቆሞ ልብስ ሰፊውን ቃለ መጠይቅ ሲያደርገው፣ ከአሥር ደቂቃው ንግግር ጥርት ብሎ የሚሰማው የስፌት መኪናው ብቻ ነው። ደረት ላይ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የሚቆነጠጥ ማይክ ይህን ያቃልላል፤ መሰኪያው ከስልኩ ጋር ከገጠመ ማለቴ ነው። አይፎን ወደ ታይፕ ሲ መሰኪያ የዞረው በፈረንጆቹ 2023 በወጣው አይፎን 15 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ አይፎን ይዞ ታይፕ ሲ ማይክ የገዛ ሰው መቀየሪያ ይገዛል፤ መቀየሪያው ቻርጅ ማድረጊያውን ቀዳዳ ስለሚይዝበትም ሁለት ቀዳዳ ያለው ሌላ መቀየሪያ ይፈልጋል። ባለሱቁ ይህን ደንበኛ በስሙ ያውቀዋል።

ሰልፊ ስቲክ ጀጎል ውስጥ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ሁለት ሰው ትከሻ ሳይነካካ በማይተላለፍበት መንገድ ላይ ዱላው ሲዘረጋ ከግድግዳ ግድግዳ ይገጥማል፤ ትራፊኩም ይቆማል። አንዱ እንዲህ መንገድ ዘግቶ፣ ጎመን ተሸክመው የሚመጡ ሴት ሲያይ «አዴ፣ አንዴ ተመለሺና እንደገና ነይ» አላቸው። «ጎመኑን ግዛና ስትፈልግ እስከ መግሪብ እመላለስልሃለሁ» አሉት። አልገዛም፤ ገንዘቡን ባለ ኮፍያ ማይክ ላይ ጨርሶ ነበር።

ባጃጅ ነጂዎቻችን ደግሞ ስልኩን መሪው ላይ በብረት አስረው ኮብልስቶኑን ይዘልሉታል። አፕል በፈረንጆቹ 2021 የሞተር ንዝረት የምስል ማረጋጊያ ያላቸውን ካሜራዎች ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ነጂው ይህን ሲሰማ «የኔኮ ሳምሰንግ ነው» ብሎ ሳቀ።

ምስል ሲበላሽ ሌላ ነገር መውቀስ እንኳ እዚህ አገር አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ካሜራ ከሊዮን አስመጥቶ፣ በፈረንጆቹ 1883 ሐረር ላይ ራሱን አንስቷል፤ አንዴ ሰገነት ላይ፣ አንዴ ቡና መሀል፣ አንዴ እጁን አጣምሮ ሙዝ መሀል ቆሞ። ፎቶዎቹ ነጥተው ሲወጡበት ለቤተሰቡ የጻፈው ያጠብኩበት ውሃ መጥፎ ሆኖ ነው ብሎ ነው። የዛሬዎቹ መብራቱ ነው ይላሉ። አቋቋሙን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልለወጠውም፤ እጅ ይጣመራል።

የበርጫው ቡድን ሙሉ ትጥቁን ያወጣው ጅብ ሲበላ ሊቀርጽ በሄደ ምሽት ነው። ጅብ አብዪው ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ነው የሚያቀርበው፤ ስለዚህ የሐረር ጅብ በዱላ ጫፍ የመጣ ነገር ሁሉ የራሱ ድርሻ እንደሆነ ያውቃል። ልጁ ሰልፊ ስቲኩን ዘረጋ፤ ጫፉ ላይ ስልኩ አለ፣ ከስልኩ ላይ ደግሞ ነፋስ እንዳይገባው ባለ ጸጉር ኮፍያ የለበሰ ማይክ። ጅቡ ኮፍያዋን ቀመሰና ተፋት። ዋጋዋን ሳይሰማ አልቀረም። ልጁ ስቲኩን ጥሎ ሲሮጥ ጊምባል ያዡ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እግሩ ስለከዳው ነው።

በማግስቱ ቪዲዮው ሲታይ ሁሉም ነገር ጭጋግ ለብሷል። መብራቱ አነሰ ተባለ፤ ባለ 18ቱ ይምጣ የሚለው ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ሊያልፍ ሲል አንዱ ስልኩን ገለበጠና ሌንሱ ላይ የሳምቡሳ ዘይት ከነጣት አሻራው አገኘ። በሽርጡ ጫፍ ጠረግ አድርጎ ሲሞክረው ጠራ።

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

«አቦ፣» አለ በመጨረሻ ጊምባሉን ያማከረው፣ «የሌንስ መጥረጊያ ከነብሩሹ፣ ከነማስቀመጫ ቦርሳው ታይዋን ገብቷል አሉ።»