ሚዙሪ ሩቅ ነው

ባለፈው ሐምሌ ነው። ከዊስኮንሲን ሎድ ይዤ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ ያለውን የራሴን ቤት በጎን እያየሁ አልፌ፣ በአይ 90 አውራ ጎዳና ወደ ራፒድ ሲቲ ስገሰግስ ሰዓቴ ቻምበርሌን ላይ አለቀብኝ። ትራክ የምትነዱ ታውቁታላችሁ፤ 11 ሰዓት ከነዳህ 10 ሰዓት ታርፋለህ፣ ክርክር የለም። ሬስት ኤሪያው፣ የመንገደኛ ማረፊያው፣ ሚዙሪ ወንዝን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። የኮከብ ጥልፍ ያለበት ብርድ ልብስ ከኋላዋ የዘረጋች፣ 50 ጫማ የምትረዝም የአገሩ ነባር ሕዝቦች የላኮታና የዳኮታ ሴት ሐውልት ቆማበታለች። በ2016 ነው የተተከለችው። በአጠገቧ ስንትና ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ቀና ብዬ ያየኋት ግን ያን ቀን ነው፣ ያውም ሰው አሳይቶኝ።

ያሳዩኝ የኦሃዮ ጡረተኞች ናቸው፣ ባልና ሚስት። እሳቸው 71፣ ሴትዮዋ 69። አውቶቡስ የሚያክል ሞተርሆም፣ ማለት ውስጡ ቤት የሆነ መኪና፣ ይነዳሉ፤ ከኋላው ትንሽ መኪና ታስራ እንደ ጥጃ ትከተላለች። ሽማግሌው መስታወቱ ላይ የደረቀውን ነፍሳት እየፈተጉ ሰላም አሉኝና ስማቸውን ነግረው "በስሜ ጥራኝ" አሉ። የ71 ዓመት ሰው በባዶ ስሙ ልጥራ? አፌ እምቢ አለ። እንግሊዝኛ እንደሆነ "አንቱ" የለውም። ምንም ሳልጠራቸው አመሸሁ።

ቡና ጋበዙኝ። ስለ ቡናው አታንሱብኝ። ዳቦ ቆሎ አውጥቼ ብሰጣቸው ሴትዮዋ ለጥርሳቸው ፈርተው ቡናው ውስጥ ነከሩት።

ቤታቸውን ሸጠዋል። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው! እኛ ዘንድ ቤቱን የሸጠ ሽማግሌ ምን እንደሚወራበት አታጡትም፤ "ሸጦ በላው" ነው የሚባለው። እድሩስ? ድንኳኑን ማን ይተክላል? ከንፈሬ ላይ ደርሶ መለስኩት። በሱ ፈንታ ስለ አድራሻቸው ጠየቅኋቸው። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ አንድ ሌሊት ያደሩበትን ደረሰኝና የተከራዩትን የፖስታ አድራሻ ይዘው ሄደው መንጃ ፈቃድ አወጡ፣ በቃ፣ ነዋሪ ሆኑ። አንድ ሌሊት! ወንድሜ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ለመዛወር መሸኛ ሲለምን፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፋይሉ አልተገኘም፣ ሲስተም የለም... ይህን ከጀመርኩ አላባራም።

ያዩትን ደግሞ ስሙ። ካንሳስ፣ ኮከር ሲቲ በምትባል መንደር፣ አንድ ገበሬ በ1953 መጠቅለል የጀመረው የሲባጎ ድቡልቡል አለ፤ መንገደኛው እስከ ዛሬ እየጨመረበት ያድጋል። ሲባጎ ለማየት መንገድ ቀይረው ሄዱ! ነብራስካ ውስጥ አሮጌ መኪኖች ግራጫ ተቀብተው እንደ ጢያ ትክል ድንጋይ ተገትረዋል፤ እሱንም አይተዋል። ሚቸል ከተማ ግድግዳው በየቀለሙ የበቆሎ ራስ የተለበጠ፣ ሥዕሉ በየጊዜው የሚታደስ የበቆሎ ቤተ መንግሥት አለ። "እንዴት ነው? አንተ እኮ የዚህ አገር ሰው ነህ" አሉኝ። ሚቸል ከቤቴ 70 ማይል ነው። 12 ዓመት ኖሬያለሁ። በቆሎውን አላየሁም።

ሽማግሌው ዕድሜው 62 ለሞላ ሰው በ80 ዶላር የሚሸጠውን፣ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ዕድሜ ልክ የሚያስገባውን ካርድ እንደ ሜዳሊያ አሳዩኝ። የመጸዳጃውን ታንከር የሚደፉበትን ቱቦም አሳዩኝ፣ በዚያው ኩራት። ራሳቸው ናቸው በጓንት የሚደፉት።

አባቴ ደሴ ውስጥ 34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ስንት ሜትር እንደሆነ ለስንት ልጅ አስጽፏል፤ በዓይኑ አላየውም። ላሊበላንም አላየም። ከእናቴ ጋር አብረው የሄዱበት ሩቅ ቦታ ቢኖር ግሸን ነው፣ እሱም ለስለት። የእኛ ሽማግሌ መንገድ የሚወጣው ለቀብር፣ ለሰርግ፣ ለስለት ወይም ለሕክምና ነው። "አገር ለማየት ነው የመጣሁት" ቢል ጸበል ይወሰዳል። ያም ሆኖ አንዱ ሲሄድ ሌላው ቤት ይጠብቃል።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ዘንድ መጣ፤ ለብቻው፣ እናቴ ቪዛ ተከልክላ። ስድስት ወር ተቀመጠ። እኔ መንገድ ላይ፣ ባለቤቴ የሌሊት ሥራ፣ እሱ ከሁለት ሕፃናት ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ። "አባትህን አሜሪካ አሳየኸው፣ ተባረክ" ሲሉኝ "አሜን" እላለሁ። ያየው አሜሪካ የመኪና ማቆሚያው፣ ዋልማርት፣ ቤተ ክርስቲያንና ዳይፐር ነው። አንድ እሁድ በመስኮት እያየ "ሚዙሪ ከዚህ ስንት ይርቃል?" አለኝ።

"ሩቅ ነው አባባ" አልኩት።

እኔ በምሄድበት መንገድ 140 ማይል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እሻገረዋለሁ።

አትፍረዱብኝ። ያኔ የጣሪያ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነበር፣ ለዚያው ደሴ ላለው ቤት። ጣሪያው ተቀየረ፤ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ገብቶ የተቀመጠው ዘመድ ግን አንድ ቀን ኪራይ አልከፈለም፣ ይባስ ብሎ የሰርቪሱ ጣሪያ ሲያፈስ የሚደውለው ለእኔ ነው። ቤት ስንጠብቅ ቤቱ ጠበቀን። የሞተርሆሙ ሽማግሌስ ምን አለባቸው? ያፈሰሰባቸው እንደሆነ ማስቲሽ ለጥፈው ይነዳሉ።

ሁሉም ሞልቶላቸዋል ግን አልልም። ልጃቸው ቴክሳስ ናት፣ በዓመት አንዴ ያገኟታል። አብረን ባመሸንበት ጊዜ ሁሉ ስልካቸው አንዴ አልጮኸም። የእኔ አራት ጊዜ ጮኸ፣ ሁለቱ ለእቁብ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደሴ ሊነጋ ነው፣ አባቴ ለኪዳን የሚነሳበት ሰዓት። በቪዲዮ ደወልኩና "አባባ፣ ሚዙሪ ይኸውልህ" ብዬ ካሜራውን ወደ ወንዙ አዞርኩለት።

ዝም ብሎ አየና "ይኼማ ሐይቅ ነው" አለ። "ሚዙሪ ጭቃማ ነው። እኔ ያስተማርኩት ጭቃማ ብዬ ነው።"

ሽማግሌው ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። ልክ ነው አሉ፤ ታች ያለው የፎርት ራንዳል ግድብ ይዞት ነው እንዲህ ተንጣሎ የተኛው። ለአባቴ አስተላለፍኩ።

"አላልኩህም!" አለ፣ ከ34 ዓመቱ በአንዱ ቀን ክፍል ውስጥ እንደቆመ ሁሉ። ቀጥሎም፣ "ለመሆኑ ከቤትህ ስንት ይርቃል?"

ኔትወርክ የተቆረጠ አስመስዬ ዘጋሁት።