ፋጡማ ሰይድ ስንት ናት?

ባለፈው ክረምት አክስቴን ይዤ ደሴ ውስጥ ወዳለ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄጄ ነበር። የተቋሙ ስም ይቆየን። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተሰለፍን። ተራችን ደረሰና ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ «ፋጡማ ሰይድ» ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ በፋጡማ ሰይድ ተሞላ።

«እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስድሳ በለው።»

በለው! ባለፈው «ሃምሳ አምስት በለው» ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ አልተገኘችም። ልጁ ከመሳቢያው ውስጥ ጠርዙ የተበላ የሱቅ ደብተር አወጣና ገለጥ ገለጥ አደረገው። «ቤትዎ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው አይደል? ሚያዝያ ላይ ከልጅዎ ጋር ነበር የመጡት። የስኳር።» የካርድ ቁጥሯን ከደብተሩ አንብቦ ኮምፒውተሩ ላይ መታው። አክስቴ ተገኘች። ስኳሯንም ወረፋው በሙሉ ሰማ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ሶሲዮሎጂ ተምሬ ስመረቅ ዘመድ ሁሉ «ታዲያ ምን ይሠራል?» ይለኝ ነበር። ጥሩ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ያ ደብተር።

የኮምፒውተር ምዝገባ ሲስተሙን ያመጡት ሰዎች ደብተሩን ቢያዩት ይናደዳሉ። ኮምፒውተር ገዝተን፣ ሥልጠና ሰጥተን፣ አሁንም ደብተር? ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ይደብቀዋል። እሱ ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ። ማኅበረሰብ የሚያጠና ሰው ግን ደብተሩን ሲያይ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይህ ደብተር ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ምን ያውቃል?

ብዙ ያውቃል። ወሎ ውስጥ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አህመድና አሊ ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ እነሱም ይደጋገማሉ። ከዚያ አጻጻፉ አለ። አንዱ ጸሐፊ «መሐመድ»፣ ሌላው «መሀመድ»፣ ሦስተኛው «ሙሃመድ» ይላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። በላቲን ፊደል ሲሆንማ አይነሳ። አያቴ ደግሞ ሁለት ስም ነበራት፤ አንዱ አባቷ ያወጣላት፣ ሌላው ስታገባ አማቷ ያወጣችላት። ሐኪም ቤት በየትኛው እንደተመዘገበች እሷም አታስታውስም ነበር።

ዕድሜም እንደዚያው ነው። የሕዝብ ጥናት ባለሙያዎች ዱሮ የሚያውቁት ነገር ነው፤ አገራችን ውስጥ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ መልሱ በዜሮና በአምስት ላይ ይከመራል። አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ። ሰው ዋሽቶ አይደለም። ዕድሜ እዚህ የሚቆጠረው «በድርቁ ዓመት ጡት እጠባ ነበር» እየተባለ ነው። ሲስተሙ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ካልሞላህ አላሳልፍም ይላል። ጸሐፊው ምን ያድርግ? ይሞላል።

ይህ የእኛ ኋላ ቀርነት የሚመስለው ካለ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃሮልድ ጋርፊንክል የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአንድ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ መዝገቦችን ለጥናት ሲያገላብጥ በክፍተት የተሞሉ ሆነው አገኛቸው። ሠራተኛው ሰነፈ ብሎ አላለፈም። መዝገቡ የሚጻፈው ሥራውን ለሚያውቅ ባልደረባ ነው፤ ግማሹ ሲነገረው ሌላው ይገባዋል። ለውጭ ተመራማሪ የጎደለው ለክሊኒኩ ሰው አልጎደለም።

ሌላ ልጨምር። ሶሲዮሎጂስቱ ሮስ ኮፐልና ባልደረቦቹ ፊላደልፊያ የሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞች በኮምፒውተር መድኃኒት ሲያዝዙ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናቱን አወጡ። ሲስተሙ ስህተት ይቀንሳል ተብሎ የገባ ነው። እነሱ ግን ሐኪሞችን እየተከተሉና እያነጋገሩ፣ ሲስተሙ ራሱ እንዲፈጠሩ መንገድ የሚከፍትላቸው 22 ዓይነት ስህተቶች ለቀሙ። አንዱን ስሙልኝ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፋርማሲው የሚያከማቸው የአንድ ፍሬ መድኃኒት መጠን ነበር። ሐኪሞች ግን ለታካሚ የሚታዘዘው መጠን እየመሰላቸው ያዝዙ ነበር። ይህን ኮዱን ብቻ የሚያይ መሐንዲስ አያገኘውም፤ ኮዱ ልክ ነው። አጠገባቸው የቆመ ሰው ነው ያገኘው።

ወደ እኛ ልመለስ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ይላል። ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የያዙት ታብሌት አለ። ዲኤችአይኤስ የሚገርም ታሪክ አለው። ሥሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በአፓርታይድ ማግሥት። ከኖርዌይ የሄዱ ተመራማሪዎች ከአገሬው የጤና ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው የሠሩት ነው። የስካንዲኔቪያ አገሮች የሠራተኛ ማኅበራት «ማሽኑ ሲሠራ ተጠቃሚው እኛ ስለሆንን እንኑርበት» ካሉበት ልማድ የመጣ አሠራር ነው። እንግዲህ ከሠራተኛ ጋር ተቀምጦ የተወለደ ሶፍትዌር ደሴ ሲደርስ በሆቴል አዳራሽ የሦስት ቀን ሥልጠና ከነአበሉ ይሆናል። አበሉን አልጠላሁም።

ነርሶቹን «ለምን የወረቀት ሬጅስተሩም ኮምፒውተሩም?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቴ መጻፍ የሚወድ የለም። መብራት ይጠፋል፣ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን ሌላም ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስብን ጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈዋል። ያንን ያየ ባለሙያ ወረቀቱን አልለቅም ቢል አይፈረድበትም። የሥልጠና ሰነዱ ላይ ይህ «ለውጥን መቃወም» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ትዝታ እለዋለሁ።

አሁን ወደ ስኳሩ። የአክስቴን ስኳር ወረፋ ላይ የሰማች ጎረቤት ስለነበረች ማታውኑ ሰፈሩ አወቀ፤ ስኳር ነውና ምንም አይደል። ግን ለክትትል በስልክ መልእክት ማስታወሻ ይላክ የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ይህ ትዝ ይለኛል። ከደሴ ወጣ ካለው ከኩታበር ለምትመጣ እናት የተመዘገበው ስልክ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የባሏ ወይም የልጇ። «ነገ የክትትል ቀንዎ ነው» የሚል መልእክት ባልየው ኪስ ውስጥ ይደርሳል። የምን ክትትል? ሳይነግሩት የሚወሰድ የወሊድ መከላከያ ቢሆንስ? የኤችአይቪ መድኃኒት ቢሆንስ? ይህ በመጠይቅ አይገኝም። ሴቶቹ ዘንድ ቡና ላይ መቀመጥ ይፈልጋል፤ በአቦል ሳይሆን ወደ በረካው አካባቢ የሚወራ ነገር ነው።

«ብሔራዊ መታወቂያው፣ ፋይዳ፣ ሁሉንም ይፈታዋል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የስሙን ጣጣ ብዙውን ያቀለዋል፣ እውነት ነው። ግን ሌሊት ምጥ ይዟት በባጃጅ የመጣች ሴት ካርዷን ቤት ትታ ነው። የስልኩን ጉዳይ ደግሞ አይነካውም።

የሚያስቆጨኝ ይህን ለማጥናት ሩቅ መሄድ አለማስፈለጉ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። የሕክምናና የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎቹ ደሴ ናቸው፣ ኮምፒውተር የሚያውቁት ኮምቦልቻ። መካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ። ጠመዝማዛ ነው፣ ግን ሚኒባስ ሞልቷል። አንድ የሶሲዮሎጂና አንድ የሶፍትዌር ተማሪ አብረው ለመመረቂያ ጽሑፋቸው አንድ ወር ካርድ ክፍል ቢቀመጡ ምን ይጎዳል? የመጀመሪያ ሥራቸው የልጁን ደብተር ዓምዶች ሲስተሙ ውስጥ ማስገባት ይሁን፤ ሰፈር፣ አብሮ የመጣ ሰው፣ የቤት ስም። «መሐመድ» ሲጻፍ ሌሎቹንም «መሀመዶች» አብሮ የሚያመጣ ፍለጋ ቢጨምሩበት ደግሞ በጣም ጥሩ። ጊዜ ይፈጃል የሚል አይጠፋም። ተገዝቶ አቧራ የሚጠጣ ኮምፒውተር የፈጀው ጊዜስ?

ባለፈው ሳምንት አክስቴን ለክትትል ይዣት ተመለስኩ። ልጁ ገና ሲያየን ሳቀ፤ ስምም አልጠየቃት። ደብተሩን አየሁት፤ አዲስ ነው። «ያኛው አለቀ» አለኝ። «ይሄን በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት።»