ለሪችመንድ እጩ ስለ ኪራያችን እንጠይቅ

ምርጫ ሲቃረብ የሰሜን ቨርጂኒያ እጩዎች ወደ እኛ ሰፈር ይመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ መስጊድ በር ላይ፣ ሬስቶራንት ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። «ሰላም ነው?» ብለው ይጨብጣሉ፣ እንጀራ ይቀምሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። መምጣታቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ማይኩን ቀድሞ የሚይዘው ሰው «ስለ ኢትዮጵያ ያለዎት አቋም ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል። እጩው ግን የሚወዳደረው በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ ላለው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። ሪችመንድ ማዕቀብ አይጥልም፣ አምባሳደር አይሾምም። ይህ የዋሽንግተን ሥራ ነው። እጩው ምንም ቢመልስ ለአገራችን ጠብ የሚል ነገር የለም። ሰዓቱ ግን በዚሁ ያልቃል።

ታዲያ የስቴት እንደራሴ ምን ይወስናል? ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ይወስናል። ምክንያቱም እዚህ የሚሠራበት «የዲለን ደንብ» የሚባል ነገር አለ። ጆን ዲለን የአዮዋ ዳኛ ነበሩ። በ1868 የጻፉት ሐሳብ ባጭሩ ይህን ይላል፦ ከተማ ያለው ሥልጣን ስቴቱ የሰጠው ብቻ ነው። የሰሜን ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ በፕላስቲክ ከረጢት ላይ 5 ሳንቲም ቀረጥ ለመጣል እንኳ የሪችመንድን ፈቃድ መጠበቅ ነበረባት። ፈቃዱ በ2020 ወጣ፣ ቀረጡ በጃንዋሪ 2022 ተጀመረ። ለከረጢት ይህን ያህል ከሆነ ለቤት ኪራይ እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

አሌክሳንድሪያ ያለውን ሳውዘርን ታወርስን የማያውቅ የአካባቢው አበሻ ያለ አይመስለኝም። አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው፣ ከ2,300 በላይ አፓርትመንት አላቸው። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከአፍሪካ የመጡ ናቸው፣ በተለይ ከእኛ አገር። በ2020 ኮቪድ የሆቴሉን፣ የኤርፖርቱንና የታክሲውን ሥራ ሲያቆመው ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ሰልፍ ወጡ። ኪራይ ይቅለልልን አሉ። ከተማው ግን ለኪራይ ጣሪያ የማስቀመጥ ሥልጣን የለውም፤ የከተማው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ቢስማማ እንኳ አይችልም። ለከተሞች ይህን ሥልጣን ሊሰጥ የነበረ ረቂቅ ሕግ በ2024 ሪችመንድ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ያን ጊዜ ስንቶቻችን ወደ እንደራሴያችን ቢሮ ደወልን?

የሊዝ ማደሻ ደብዳቤዋን አይታችኋት ታውቃላችሁ። ከላይ አዲሱ ኪራይ አለ። ከሥሩ ለቆሻሻ ይህን ያህል፣ ለተባይ ማጥፊያ ይህን ያህል፣ ለውሃ፣ ለፓርኪንግ እያለ ይቀጥላል። እየተደመረ ሲሄድ ከኪራዩ ጭማሪ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ አከራይ ኪራዩንና ክፍያዎቹን በሙሉ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዘርዝሮ እንዲያሳይ ሕጉ ያስገድዳል። ከአራት በላይ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት አከራይ ደግሞ ውሉ ሲታደስ ኪራይ የሚጨምር ከሆነ፣ ውሉን ማደስ ለሚችል ወይም ውሉ በራሱ ለሚታደስለት ተከራይ ውሉ ከማለቁ ቢያንስ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሁለቱንም ሕግ ያወጣው ሪችመንድ ነው። እነዚህን ሕጎች የማያውቅ ጎረቤት ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት።

በ2021 የሆነውንም ላንሳ። የዚያን ዓመት የገዥነት ምርጫ ሲመጣ ብዙ ወገኖቻችን በባይደን አስተዳደር የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥተው ነበር። አንዳንድ የኮሚኒቲ ድርጅቶች የሪፐብሊካን ፓርቲውን እጩ ግሌን ያንግኪንን ደግፈው «ድምፃችሁን ለያንግኪን ስጡ» ብለው በይፋ ቀሰቀሱ። ቁጣው ከልብ የመጣ ነበር፣ እኔም አልነቅፈውም። ያንግኪን በሁለት የመቶኛ ነጥብ ገደማ አሸነፉ። በ2024 የቨርጂኒያን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ወደ 15 ዶላር የሚያሳድግ ሕግ ሁለቱንም ምክር ቤቶች አልፎ ጠረጴዛቸው ላይ ደረሰ፤ ውድቅ አደረጉት። በ2025 እንደገና ቀረበ፣ እንደገና ውድቅ ሆነ። በ2024 ቨርጂኒያ ውስጥ ወለሉ 12 ዶላር ነበር። ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ 15፣ ዲሲ ደግሞ ከ17 በላይ። በ12 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 120 ዶላር ነው። ፓርኪንግ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ቆማ ለምታድር እህት ይህ የልጅ ጫማ ነው፣ የመብራት ክፍያ ነው። ለማን መምረጥ እንዳለባት ልነግራት አልፈልግም። ያን ቀን ስለ አገሯ ብቻ ሳይሆን ስለ ደመወዟም ድምፅ እየሰጠች እንደነበር ግን ሊነገራት ይገባ ነበር። ከቀስቃሾቹ ይህን ያነሳ አልሰማሁም።

«ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቤት እደግፋለሁ» የሚል በራሪ ወረቀት በየበሩ ሥር ይገባል። ይህ አቋም አይደለም፤ የሚቃወመው እጩ የለማ! አቋም የሚባለው «ከተሞች የኪራይ ጣሪያ እንዲያወጡ የሚፈቅደው ሕግ ሲመጣ ድምፄን እሰጣለሁ» ወይም «አልሰጥም፣ ምክንያቱም…» ሲል ነው። ጣሪያውን የሚቃወሙ ሰዎች ግንባታ ይቀንሳል ይላሉ። ተራ ስጋት አይደለም፣ በቁም ነገር መሰማት አለበት። እንዲህ የሚል እጩ ሲመጣ ግን «እሺ፣ እስኪገነባ ድረስ ዘንድሮ ኪራይ የሚጨመርበት ሰው ምን ይሁን?» ብለን እንጠይቀው። እኔ በበኩሌ ፈቃዱ ለከተሞች ይሰጥ ባይ ነኝ። አሌክሳንድሪያ ስለ ራሷ ነዋሪ ከሪችመንድ ይልቅ ታውቃለች።

ሪችመንድ ሲያግዝ ደግሞ እናየዋለን። የአሌክሳንድሪያው ዳሽ አውቶቡስ በሴፕቴምበር 2021 በነፃ መሥራት የጀመረው በስቴቱ ድጎማ ጭምር ነበር። እንዲህ ላለ ገንዘብ ይታገል እንደሆነ እጩውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጉልበት የለንም የሚል ሰው ይሳሳታል። አንድ የስቴቱ ታችኛው ምክር ቤት እንደራሴ የሚወክለው ወደ 86,000 ሰው ነው። በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል። እንደ አሌክሳንድሪያ ባሉ ዴሞክራቶች በሚበዙባቸው ቦታዎች ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በኖቬምበር ሳይሆን በጁን የቅድመ ምርጫ ነው። ያኔ የሚወጣው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ ዜግነት ያለውና የተመዘገበ ሰው በቅድመ ምርጫውም መምረጥ ይችላል። አሥር ቤተሰብ ከአንድ ሕንፃ ተጠራርቶ ቢወጣ እጩው ያስተውላል።

ስለዚህ የኮሚኒቲ መሪዎቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። እጩ ከመጋበዙ በፊት ስለ ኪራይ ጣሪያ፣ ስለ ሰዓት ክፍያና ስለ አውቶቡስ ገንዘቡ ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ይላኩለት። መልሱም በጽሑፍ ይምጣ፣ በአማርኛ ይተርጎምና በየአዳራሹ ይለጠፍ። እጩው ተመርጦ ሪችመንድ ሲገባ ወረቀቱ አይነሳ። ድምፅ በሰጠ ቁጥር «አዎ» ወይም «አይደለም» ያለውን ከጎኑ እንጻፍበት።