ፊደል ለሚያናግሩ ሊቃውንት

አመስጋኝ አጥተው ነው እንጂ ለሊቃውንታችን ሐውልት እንኳ ያንሳቸዋል። መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ፣ የቀረበላቸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ፣ የእንግሊዝኛን ቃል ፊደል በፊደል በትነው ምሥጢሩን ያወጡታል። «ኒውስ»፣ ማለትም የእንግሊዞቹ ዜና፣ ሲተነተን ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ደቡብ ነው ይሉናል፤ የአራቱ አቅጣጫዎች የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ! ይህ በሥልጠና አዳራሽ በተነገረ ቁጥር ጭብጨባው ጣሪያ ይነካል፤ ደብተር ያልያዘ በመዳፉ ይጽፋል።

አንድ ደረቅ የቋንቋ አጥኚ ተነሥቶ «ቃሉ ‹አዲስ› ከሚለው የመጣ ነው፤ አዳዲስ ነገሮች ለማለት ነው፤ ፈረንሳዮችም ‹ኑቬል› የሚሉት በዚሁ መንገድ ነው» ቢል ማን ያጨበጭብለታል? ይህንንማ ሕፃን ልጅም ይገምተዋል።

«ጎልፍ»ንም «ለጨዋ ወንዶች ብቻ፣ ለሴቶች ክልክል» ብለው ተርጉመውልናል። የስኮትላንድ ፓርላማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1457 ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ትቶ ተጠመደበት ብሎ ጨዋታውን ሲያግድ ጨዋ ወንዶቹም አብረው መታገዳቸው ግን ወጉን ስለሚያበላሽ አይነሣም።

ከሁሉ የማደንቃቸው በ«ኦኬ» ነው። ይህ ቃል በእርግጥም ከመነሻ ፊደላት የተሠራ ነው። በ1839 የቦስተን ጋዜጠኞች ለቀልድ ያህል «ሁሉም ትክክል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ሆን ብለው ፊደሉን አሳስተው በኦ እና በኬ ያሳጥሩት ነበር። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን በድጋሚ ሲወዳደሩ ደጋፊዎቻቸው በትውልድ ቦታቸው ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ» ብለው ይጠሯቸው ስለነበር፣ ሁለቱን ፊደላት መፈክር አደረጓቸው። ሰውየው ምርጫውን ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን ዓለምን ዞረ። እንግዲህ እውነተኛ ምሕጻረ ቃል እስከ ደጃቸው መጣላቸው። ተቀበሉት? በፍጹም! «ዜሮ ሟች» ማለት ነው፣ ከጦር ሜዳ የተላከ ሪፖርት ነው አሉ፤ ለዚህም ሲሉ ኦን ከፊደልነት ወደ ቁጥርነት አዛወሯት። ልክ ናቸው፤ በጋዜጠኛ ቀልድ የተወለደ ቃል ማንን ያስደምማል?

አሁን የቀራቸው የእኛው «ዜና» ነው። ከግዕዝ የወረስነው ተራ ቃል ሆኖ መቅረቱ ያሳፍራል። እነርሱ እስኪደርሱበት ድረስ እኔ «ዜጋን ናዛዥ» የሚለውን አቅርቤያለሁ፤ በየማታው ዜና የሚከታተል ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ሥልጠና ከተጨበጨበለት ጸድቋል።